ከመኪና ሳይወርዱ፦ የድራይቭ ስሩ አገልግሎት ታሪክ

ድራይቭ ስሩ የሚባለው፣ ደንበኛው ከመኪናው ሳይወርድ አዝዞ፣ ሂሳቡን ከፍሎና የገዛውን ተቀብሎ የሚያልፍበት የአገልግሎት ዓይነት ሲሆን፣ ሥራው የሚከናወነው ሕንፃውን ታክኮ በሚያልፍ የመኪና መተላለፊያና በግድግዳው ላይ በተከፈተ መስኮት ነው። ብዙ ሰው ይህን አሠራር የሚያውቀው ከማክዶናልድስ ስም ጋር አያይዞ ነው፤ ይሁን እንጂ ማክዶናልድስ መስኮቱን የከፈተው ሌሎች ከጀመሩት ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ከብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ቀድመው የከፈቱት ደግሞ ባንኮች ነበሩ። አሜሪካውያን መኪና ስለሚወዱ የተፈጠረ አገልግሎት ነው የሚለው የተለመደ ማብራሪያም ከታሪኩ ገሚሱን ብቻ ይነግራል። ሌላው ገሚስ የሚገኘው በደመወዝ መዝገብ ውስጥ ነው፤ በኩሽናውና በመኪናው መካከል የሚመላለሰውን ሰው ማን ይክፈለው፣ እርሱ ከሌለስ ሥራውን ማን ይሥራው የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ የተለየ መልስ እያገኘ አገልግሎቱን ዛሬ ያለበት ቦታ አድርሶታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1908 እስከ 1930፦ አስተናጋጁ በመኪናው መርገጫ ላይ

ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና በ1908 ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው 850 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ1913 መኪናው በሚንቀሳቀስ መስመር ላይ መገጣጠም ከጀመረ በኋላ ግን ዋጋው ከዓመት ዓመት እየወረደ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ደረሰ። በመሆኑም በ1920 በዩናይትድ ስቴትስ 8 ሚሊዮን ያህል የነበሩት የቤት መኪናዎች በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 23 ሚሊዮን ተጠጉ። በዚያው ዘመን የአልኮል መጠጥን የሚከለክለው ሕግ በመላ አገሪቱ ይሠራበት ስለነበር መጠጥ ቤቶች ተዘግተው፣ ሰው ከቤት ውጭ የሚዝናናበትና የሚቀማምስበት ሌላ ቦታ ይፈልግ ነበር። መኪናና ለስላሳ መጠጥ የተገናኙት በዚህ አጋጣሚ ነው። ሮይ አለን በ1919 በካሊፎርኒያዋ ሎዳይ ከተማ ሩት ቢር የተባለውን፣ ከሥራሥርና ከቅመማቅመም የሚዘጋጅ አልኮል የሌለው መጠጥ በመንገድ ዳር መሸጥ ጀመረ፤ ኤ ኤንድ ደብልዩ የተባለው ሰንሰለት ድርጅትም ከዚያ ተወለደ።

መኪናውን ራሱን እንደ መመገቢያ ክፍል የቆጠረው ግን በ1921 ዳላስ፣ ቴክሳስ ውስጥ የተከፈተው ፒግ ስታንድ ነው። መሥራቾቹ ጄሲ ከርቢ የተባለ ነጋዴና ሩበን ጃክሰን የተባለ ሐኪም ሲሆኑ፣ የሚሸጡትም የአሳማ ሥጋ ጥብስ በዳቦና ለስላሳ መጠጥ ነበር። ቤቱ ድራይቭ ኢን ይባል ከነበረው ዓይነት ነበር፤ ይህም ደንበኛው መኪናውን አቁሞ እዚያው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሚመገብበት አሠራር ስለሆነ፣ ተቀብሎ ከሚያልፍበት ከድራይቭ ስሩ ይለያል። ካርሆፕ የተባሉት ወጣት አስተናጋጆች መኪናው ገና ሳይቆም በጎኑ ባለው መርገጫ ላይ ዘለው ወጥተው ትእዛዝ ይቀበሉ ነበር፤ ከደመወዛቸው ይልቅ የሚተማመኑት በጉርሻ ስለነበር ቀድሞ የዘለለ ደንበኛውን የራሱ ያደርጋል። ለባለቤቶቹ ይህ እጅግ የተመቸ ንግድ ነበር፤ ወንበርና ጠረጴዛውን ደንበኛው ይዞት ይመጣል፣ የአስተናጋጁንም ገቢ አብዛኛውን የሚሸፍነው ያው ደንበኛ ነው።

ማሽን ከሰው ጉልበት በሚወደድበት ቦታ ሁሉ ይህ አሠራር ዛሬም ጸንቶ መኖሩ አያስገርምም። በአዲስ አበባ፣ በተለይም በቦሌ አካባቢ፣ ባለመኪናው ከካፌው ደጃፍ ቆሞ መስታወቱን ዝቅ በማድረግ ማኪያቶውን በአስተናጋጅ እጅ ሲያስመጣ የሚታየው ልማድ በዓይነቱ ከድራይቭ ስሩ ይልቅ ለፒግ ስታንድ የሚቀርብ ነው፤ አስተናጋጁ በቀላሉ በሚገኝበት አገር ግድግዳ ለመብሳትና ድምፅ ማጉያ ለመትከል የሚያስገድድ ምክንያት የለምና።

ከ1930 እስከ 1946፦ የባንክ መስኮት

ደንበኛው ሳይቆም እንዲያልፍ የሚለው ሐሳብ በመጀመሪያ ሥር የያዘው ከምግብ ይልቅ በገንዘብ ንግድ ነው። በሴንት ሉዊስ ከተማ የነበረው ግራንድ ናሽናል ባንክ በ1930 መኪና ተጠግቶ የሚቆምበት መስኮት ከፍቶ፣ ገንዘብ የሚያስገቡ ደንበኞቹን ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ማስተናገድ ጀመረ። የባንክ ሥራ ለዚህ የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ደብተርና ቼክ አይቀዘቅዝም፣ አይፈስም፣ ለማብሰልም ጊዜ አይወስድም፤ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ነጋዴም መኪናውን ርቆ አቁሞ በእግሩ ከመጓዝ ይልቅ በቀጥታ ከመስኮቱ ቢደርስ ይመርጣል። በ1931 አንድ የሎስ አንጀለስ የፒግ ስታንድ ቅርንጫፍ ምግብ በመስኮት ማደል እንደጀመረ ይነገራል፤ ይሁን እንጂ ምሳሌውን ተከትሎ የተስፋፋ ነገር አልነበረም። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ፈላጊውን ስላበዛ ካርሆፕ በርካሽ የሚገኝ ሠራተኛ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ደግሞ ቤንዚንና ጎማ በራሽን ይታደል ስለነበር በመኪና መዝናናት ራሱ ተገታ። ወንዶቹ ሲዘምቱ በካርሆፕነት የተተኩት ሴቶች ናቸው፤ በኋላ በፊልምና በፎቶግራፍ የታወቀችው ባለ ተሽከርካሪ ጫማዋ አስተናጋጅም ይህ የሴት ካርሆፕ ወግ ያተረፈው ምስል ናት።

ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ በ1946፣ የቺካጎው ኤክስቼንጅ ናሽናል ባንክ ጥይት በማይበሳው መስታወት የተከለሉ፣ ወደ ውጭ የሚንሸራተት መሳቢያ ያላቸው 10 መስኮቶችን በአንድ ጊዜ ከፈተ። አሜሪካውያን ከምግብ ቤት በፊት በመስኮት መስተናገድን የለመዱት ከእነዚህ ባንኮች ነው ማለት ይቻላል።

ከ1947 እስከ 1951፦ ካርሆፑ ሲሰናበት

ከጦርነቱ በኋላ የነበሩት አምስት ዓመታት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም የሚበልጥ ክብደት አላቸው፤ ምክንያቱም በአንድ በኩል መኪናና ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች በብዛት ወደ ከተማ ዳርቻ መንደሮች ሲጎርፉ፣ በሌላ በኩል ሥራ እንደልብ ስለተገኘ በጉርሻ ብቻ ተማምኖ ትሪ የሚሸከም ሰው ዋጋው ጨመረ። ችግሩ አንድ ሆኖ መፍትሔው ግን በየቦታው ተለያየ።

በ1947 ሼልደን ቼኒ የተባለ፣ በፀጉሩ ቀለም ሬድ የሚል ቅጽል የወጣለት ሰው በሚዙሪ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በታዋቂው ሩት 66 አውራ ጎዳና ላይ ሬድስ ጃይንት ሃምበርግ የተባለውን ቤት ከፈተ። የስሙ መጨረሻ የተቆረጠው ያሠራው የማስታወቂያ ሰሌዳ ከኤሌክትሪክ ሽቦው ስር አልገባ ስላለ እንደሆነ ይነገራል። ቤቱ ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት ምግብ ከሸጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሃሪ እና ኤስተር ስናይደር የተባሉ ባልና ሚስት ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ በምትገኘው ቦልድዊን ፓርክ ኢን ኤንድ አውት የተባለውን የበርገር ቤት ሲከፍቱ፣ ከውስጥ መመገቢያ ክፍል አልነበረውም፣ ካርሆፕም አልቀጠሩም። በምትኩ ሃሪ በጋራዡ ውስጥ የሠራው፣ ደንበኛውና አብሳዩ እየተቀባበሉ የሚነጋገሩበት የድምፅ ሳጥን ከመስኮቱ ፈንጠር ብሎ ተተከለ።

ይህ ሳጥን ለምን ለውጥ እንዳመጣ ለማየት ሰልፉን በቅርብ መመልከት ያስፈልጋል። ሳጥኑ በሌለበት ቤት መኪናው መስኮቱ ጋ ደርሶ ያዝዛል፤ ሥጋው እስኪጠበስ፣ ዳቦው እስኪሞቅ ድረስም እዚያው ቆሞ የኋለኞቹን ይዘጋል። ሳጥኑ ባለበት ቤት ግን አንደኛው ሲቀበል ሁለተኛው እየተበሰለለት፣ ሦስተኛው እያዘዘ ስለሚሄድ፣ ሦስት መኪና ቀድሞ አንዱ ይጨርስበት በነበረው ጊዜ ሊስተናገድ ይችላል። ፎርድ መኪናን ለመሥራት የተጠቀመበት ተንቀሳቃሽ መስመር አሁን በተራው መኪናውን ራሱን ይዞ መንቀሳቀስ ጀመረ። በ1951 ሮበርት ፒተርሰን በሳንዲያጎ የከፈተው ጃክ ኢን ዘ ቦክስ ይህን ዘዴ ዋና መለያው አድርጎ፣ የድምፅ መቀበያውን በትልቅ የቀልደኛ አሻንጉሊት ጭንቅላት ውስጥ ሸሸገው፤ ከሣጥን ጋር ተነጋግሮ የማያውቀው ደንበኛ እንዳይደነግጥም አሻንጉሊቱ እንደሚያናግረው በጽሑፍ ተነገረው።

የማክዶናልድ ወንድማማቾች መልስ ከእነዚህ የተለየ ነበር። ሪቻርድና ሞሪስ ማክዶናልድ በ1940 ሳን በርናርዲኖ ውስጥ የከፈቱት ቤት 20 ያህል ካርሆፖች ያሉት የደራ ድራይቭ ኢን ቢሆንም፣ የአስተናጋጆቹ ደመወዝ፣ የሚሰበረውና የሚሰረቀው ሳህንና ብርጭቆ፣ እንዲሁም መኪና አቁመው ልጃገረዶቹን ሲያነጋግሩ የሚውሉት ጎረምሶች አስመርሯቸው ነበር። በ1948 ቤቱን ለወራት ዘግተው፣ ካርሆፖቹን በሙሉ አሰናብተው፣ 25 ይደርስ የነበረውን የምግብ ዓይነት ወደ 9 ቀንሰው፣ ሳህኑን በወረቀት ተክተውና የሃምበርገሩን ዋጋ በግማሽ ወደ 15 ሳንቲም አውርደው እንደገና ከፈቱት። የለመዱት ደንበኞች መጀመሪያ ላይ መኪናቸውን አቁመው ጡሩምባ እየነፉ አስተናጋጅ ቢጠብቁም የሚመጣላቸው አልነበረም፤ ገበያውም ክፉኛ ወድቆ ነው በኋላ ያንሠራራው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ወንድማማቾቹ የካርሆፑን ሥራ ያሸከሙት ለማሽን ሳይሆን ለደንበኛው መሆኑ ነው፤ ደንበኛው ከመኪናው ወርዶ፣ በእግሩ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ምግቡን ራሱ ተሸክሞ እንዲመለስ ተደረገ። የፈጣን ምግብ ንግድ በቀጣዮቹ ሁለት አሥርት ዓመታት የተከተለው ከስናይደር ሳጥን ይልቅ ይህን መንገድ ነው።

ከ1952 እስከ 1974፦ መስኮቱ ያሸለበበት ዘመን

በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ 41,000 ማይል፣ ማለትም ወደ 66,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፈጣን አውራ ጎዳና እንዲሠራ ሲያዝ፣ የመንገድ ዳር ንግዱም ከከተማ መሐል ወደ አውራ ጎዳናው መውጫዎች ተሳበ። መኪና ውስጥ ሆኖ የመገልገል ልማድ ወደ ሌላው ኑሮ ዘለቀ፤ ቄስ ሮበርት ሹለር በ1955 በካሊፎርኒያዋ ጋርደን ግሮቭ አቅራቢያ፣ ፊልም በመኪና ሆነው በሚያዩበት ሜዳ ላይ፣ ምእመናኑ ከመኪናቸው ሳይወርዱ የሚያዳምጡትን ስብከት ጀመሩ፤ በ1959 ደግሞ የሊቨርፑል ከተማ የመጀመሪያውን የብሪታንያ የመኪና ባንክ አየች።

ምግብ ቤቶቹ ግን በአመዛኙ ፊታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። በ1961 የማክዶናልድ ወንድማማቾችን ድርጅት በ2.7 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ሬይ ክሮክ የሚፈልገው ቤተሰብ ነበር፤ ቤተሰብም ብርድና ሙቀት የማያገኘው ቦታ ቢቀመጥ ይመርጣል ተብሎ በ1960ዎቹ ወንበርና ጠረጴዛ ገቡ። መስኮቱን እንደገና የቀሰቀሰው ዴቭ ቶማስ በ1969 በኦሃዮዋ ኮለምበስ የመሠረተው ዌንዲስ ነው። ዌንዲስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ መስኮት ሲከፍት ለመኪናው ሰልፍ ለብቻው መጥበሻና ሠራተኛ መደበለት፤ በመሆኑም የውስጡ ሰልፍ የውጭውን አይጎትተውም። ዘዴው ለአዲስ ድርጅት ሌላ ጥቅምም ነበረው፤ በአንድ ቦታ ብዙ ሰው ለማስተናገድ ሰፊ የመመገቢያ አዳራሽ መሥራት አላስፈለገውም።

ከ1975 እስከ 1990፦ ምግቡ ለመሪው ሲሰፋ

ማክዶናልድስ የመጀመሪያውን መስኮት የከፈተው በጥር 1975 በአሪዞና ግዛት ሲየራ ቪስታ በተባለች ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ መነሻውም ከኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት የመጣ ዕቅድ አልነበረም። ከተማዋ የፎርት ዋቹካ ጦር ሰፈር ጎረቤት ናት፤ የጊዜው ደንብ ደግሞ ወታደሮች የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከሰፈሩ ውጭ ከመኪና እንዳይወርዱ ይከለክል ነበር። ደጃፉ ድረስ መጥቶ የማይገባ ገበያ ያየው የቅርንጫፉ ባለቤት ግድግዳውን አስፈርሶ ተንሸራታች መስኮት አስገባበት። ይህ ሰው ፍራንቻይዝ በሚባለው ውል የሚሠራ፣ ማለትም ለኩባንያው ስምና አሠራር እየከፈለ በራሱ ገንዘብ የሚነግድ ስለነበር፣ የአካባቢውን ችግር ከማንም ቀድሞ ማየቱ የሚጠበቅ ነው።

ሐሳቡ ከጦር ሰፈሩ አጥር አልፎ በመላ አገሪቱ የተቀጣጠለው ግን በሌሎች ምክንያቶች ነው። ከቤት ውጭ የሚሠሩ እናቶች ቁጥር በፍጥነት እያደገ ስለነበር ራት በቤት ለማብሰል የሚተርፈው ሰዓት አጠረ፤ ከሥራ ወደ ቤት የሚወስደውም መንገድ ረዘመ። በኋላ ወንበር የተኙ ሕፃናትን ቀስቅሶ ከማውረድ በመስኮት ተቀብሎ ማለፍ ይቀልል ነበር። ኩባንያዎቹም የነዳጅና የቦታ ዋጋ በናረበት ዘመን ወንበር ሳይጨምሩ ሽያጭ የሚጨምሩበትን መንገድ አገኙ።

ከዚህ በኋላ ምግቡ ራሱ ተለወጠ። ማክዶናልድስ በ1983 በመላው አሜሪካ ያቀረባቸው፣ በአንድ እጅ አንስተው የሚጎርሷቸው የዶሮ ቁርጥራጮች የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ክራይስለር ለገበያ ያወጣው የቤተሰብ መኪና የኩባያ ማስቀመጫ ይዞ መምጣቱም መኪና ሠሪው ምግብ ሻጩን መከተሉን ያሳያል። ፍጥነቱም በመሣሪያ ይለካ ጀመር፤ በመተላለፊያው አስፋልት ስር የተቀበረ የሽቦ ቀለበት የመኪናውን ብረት ለይቶ፣ ማይክሮፎን ባለው የጆሮ ማዳመጫ በኩል ለሠራተኛው ምልክት ይሰጣል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሰዓት ይቆጥራል፤ ቁጥሩም በኩሽናው ግድግዳ ላይ ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይበራል። ሥራ አስኪያጁ የሚገመገመው በዚያ ቁጥር ስለሆነ፣ ትእዛዙ የዘገየበትን መኪና ወደ ፊት አልፎ እንዲጠብቅ አድርጎ ሰዓቱን ማስቆም በየቅርንጫፉ የታወቀ ዘዴ ሆነ፤ የተሸነገለው ሰሌዳው ነው እንጂ ደንበኛው አይደለም። ከሂሳብ መቀበያው ሌላ ለምግቡ የሚሆን ሁለተኛ መስኮት መከፈቱም ያንኑ ሰዓት ለማሳጠር ነበር። በ1985 የተመሠረተው ራሊስና በ1986 የተመሠረተው ቼከርስ ይህን ሁሉ እስከ ጫፉ ወስደው፣ የመመገቢያ አዳራሹን ጨርሰው አስቀርተው፣ ትንሿን ኩሽና በግራና በቀኝ በሁለት የመኪና መተላለፊያዎች መካከል አቆሟት።

የማክዶናልድስ ድራይቭ ስሩ አውሮፓን የረገጠው በ1985 በደብሊን፣ በቀጣዩ ዓመትም በማንቸስተር ነው። ተቃውሞው ግን በአሜሪካ ከዚያ ቀድሞ ጀምሮ ነበር፤ የካሊፎርኒያዋ ሳን ልዊስ ኦቢስፖ በ1982 በአየር ብክለትና በመንገድ መጨናነቅ ሳቢያ አዲስ ድራይቭ ስሩ እንዳይከፈት ከለከለች።

ከ1991 እስከ 2019፦ ከበርገር ባሻገር

በላስ ቬጋስ አንድ የጋብቻ ቤት በ1991 ሙሽሮች ከመኪናቸው ሳይወርዱ ቃል የሚገቡበትን መስኮት ከፈተ፤ በዚያው አሥርት ዓመት የመድኃኒት መደብሮች በተለይ ለአረጋውያንና ለታማሚ ልጆች እናቶች የተመቸውን መስኮት በሰፊው ተቀበሉ። በአንጻሩ በመኪና ውስጥ የሚቀርበው ትኩስ መጠጥ በ1992 ያስከተለው አደጋ ፍርድ ቤት ደረሰ። በአልበከርኪ ከተማ አንዲት የ79 ዓመት አዛውንት ከማክዶናልድስ መስኮት የተገዛውን ቡና፣ የኩባያ ማስቀመጫ በሌለው በቆመ መኪና ውስጥ በጉልበታቸው መካከል ይዘው ክዳኑን ሲከፍቱ ፈስሶባቸው ለቆዳ ንቅለ ተከላ የሚያደርስ ቃጠሎ ደረሰባቸው። ቡናው የሚቀርበው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት መሆኑ በችሎቱ ተረጋገጠ፤ በ1994 የዳኞች ሸንጎ ከ2.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ፤ ዳኛው መጠኑን ወደ 640,000 ዶላር ቀንሰውት ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ክሱ ለዓመታት የሬዲዮና የቴሌቪዥን መቀለጃ ቢሆንም፣ መዝገቡን ላገላበጠ ሰው የሚያስቅ ነገር የለበትም፤ ሴትዮዋ መጀመሪያ የጠየቁት የሕክምናና ተያያዥ ወጪያቸውን ብቻ ነበር።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ላይ የነበረ አንድ የማክዶናልድስ ፍራንቻይዝ ባለቤት የትእዛዝ ተቀባዩን ሥራ ከቅርንጫፎቹ አውጥቶ ለአንድ የስልክ ማዕከል ሰጠ፤ ደንበኛው ሳጥኑን ሲያናግር የሚመልስለት ሰው ከመስኮቱ ኋላ ሳይሆን በሌላ ቦታ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ነበር። በተቃራኒው ቺክ ፊላ የተባለው የዶሮ ምግብ ቤት ሰልፉ እስከ መንገዱ ሲተርፍበት፣ ታብሌት የያዙ ሠራተኞችን በመኪናዎቹ መካከል አሰማርቶ በየመስታወቱ ሥር እየተጠጉ እንዲያስመዘግቡ አደረገ፤ ያለ ጉርሻና ያለ ትሪ ይሁን እንጂ ካርሆፑ በሌላ ስም ተመልሶ ነበር። በ2010ዎቹ ማብቂያ ከማክዶናልድስ የአሜሪካ ሽያጭ ሁለት ሦስተኛ የሚያህለው በመስኮት የሚያልፍ ሲሆን፣ በ2019 የሚኒያፖሊስ ከተማ ለእግረኛ ደኅንነትና ለአየር ንጽሕና ስትል አዲስ ድራይቭ ስሩ መክፈትን ከለከለች።

ከ2020 ወዲህ፦ ከምርመራ ጣቢያ እስከ ፎቅ ኩሽና

ደቡብ ኮሪያ በየካቲት 2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ዴጉ ከተማን ሲያጥለቀልቅ የምርመራ ናሙና በመኪና መስኮት መውሰድ ጀመረች። ተመርማሪው ከሌሎች ታማሚዎች ጋር በአንድ ክፍል አይጠብቅም፤ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላም ክፍሉን በኬሚካል ማጽዳትና አየሩን መለወጥ አያስፈልግም፤ ይህም ሲሆን ናሙናው በ10 ደቂቃ ገደማ ይወሰዳል። ዘዴው በሳምንታት ውስጥ ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። የመመገቢያ አዳራሾች በተዘጉባቸው ወራት መስኮት የነበራቸው ምግብ ቤቶች ሥራቸውን ሲቀጥሉ የሌላቸው ብዙዎቹ ተዳከሙ፤ ከዚህ የተማሩት ኩባንያዎች አዳራሹን እያጠበቡ መተላለፊያውን ማስፋት ያዙ። ታኮ ቤል በ2022 በሚኒሶታ፣ ቺክ ፊላም በ2024 በጆርጂያዋ ማክዶና ከተማ ኩሽናውን ከአራት የመኪና መተላለፊያዎች በላይ በፎቅ ላይ ሠርተው ምግቡን በማሽን ወደ ታች ያወርዳሉ።

የቀረው ሰው ትእዛዝ ተቀባዩ ነው። ማክዶናልድስ ከአይቢኤም ጋር ሆኖ የደንበኛውን ንግግር የሚያዳምጥና ትእዛዝ የሚመዘግብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከ100 በሚበልጡ ቅርንጫፎች ሲሞክር ቆይቶ በ2024 ሙከራውን አቋረጠ፤ ማሽኑ ያልታዘዘውን ሲጨምርና ከጎረቤት መስመር የሰማውን ሲቀላቅል የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ተዛምተው ነበር። በዚያው ዓመት ታኮ ቤል ተመሳሳይ ሥርዓት በመቶዎች በሚቆጠሩ ቅርንጫፎቹ ለመዘርጋት መወሰኑን አስታወቀ፤ ዌንዲስም ከጉግል ጋር የጀመረውን ሙከራ ቀጠለ።